«ቆንጆ ነሽ» ማለት ለምን አልጠቀማትም?

«ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ 10ኛ ክፍል ናት። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል በሒሳብ አንደኛ ነበረች፤ አሁን መምህሯ ‹መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም› አሉኝ። እንግዳ ሲመጣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ጓዳ ትገባለች። አንድ ፎቶ ለመላክ ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ታነሣና ሁሉንም አጥፍታ ታለቅሳለች። በቴሌግራም ያዘዘችው ፊት የሚያቀላ ቅባት ከትራሷ ሥር አገኘሁ፤ ሁለት ወር ሳትቀባው አልቀረችም። ቁርስ ትታለች፤ ስጠይቃት ‹እየጾምኩ ነው› ትላለች። ‹አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ› ስላት ‹እናቴ ስለሆንሽ ነው› ትለኛለች። ስልኩን ልቀማት? ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የአክስቷ ልጅ ሠርግ አለ፤ አልሄድም ብላለች። ምን ላድርግ?»
እናት፣ ከፍኖተ ሰላም

ውድ እናት፣

ከሁሉ በፊት ቅባቱ። ሌላው ሳምንትም ወርም ይፈጃል፤ ቅባቱ ግን ዛሬውኑ መታየት አለበት።

ማግኘትዎን ደብቀው አይሰንብቱ፤ ይዘውትም አይጩኹባት። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል «ያንን ቅባት አየሁት፤ አልቆጣሽም፤ አምጪና አብረን እንየው» ይበሏት። ስም በሌለው ትንሽ ዕቃ ተቀላቅሎ በሚሸጥ የፊት ማቅሊያ ውስጥ ደጋግመው የሚገኙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ፊት ላይ በየቀኑ ሲቀባ መጀመሪያ ብጉሩ ይጠፋል፣ ፊቱም ይጠራል፤ ልጅቱ «ሠራልኝ» ትላለች። ከዚያ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ጉንጭ ላይ ስስ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ በአፍ ዙሪያ ሽፍታ ይፈላል፣ ፀሐይም ቶሎ ታቃጥላለች። ሲቆም ደግሞ ፊቱ ይቀላል፣ ይለበልባል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ይህ መቆጣት ራሱ የቅባቱ ጉዳት ሆኖ ሳለ ልጆቹ «ሳልቀባ ፊቴ ይበላሻል» ብለው ይመለሱበታል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ጉንጭና ግንባር ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል፤ ያንን ማስለቀቅ በጣም ያስቸግራል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በትራስ ልብስ በኩልም አብሯት ለሚተኛ ሕፃን ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን የቆዳ ማቅሊያዎች ማምረትና መነገድ የከለከለው ለዚህ ነው። ማሸጊያው ላይ «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካዩ ሜርኩሪ ይጠርጥሩ።

የምትቀባው ፊቷን ብቻ ከሆነ ታቁም። በሚቀጥሉት ቀናት ፊቷ ሊቆጣ እንደሚችል ግን አስቀድመው ይንገሯት፤ ሳታውቀው ከመጣባት በሦስተኛው ቀን ትመለስበታለች። ሰውነቷን ሙሉ ስትቀባ ከቆየች ደግሞ በራሷ ድንገት ከማቆሟ በፊት በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ለረጅም ጊዜ በብዙ የተቀባ ስቴሮይድ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ሊዝልና ራስን ሊያዞር ይችላል። ቅባቱን በፌስታል ቋጥረው ከነዕቃው ወደ ሐኪሙ ይውሰዱት። እሳት ውስጥ አይጣሉት፤ ሜርኩሪ ካለበት ጭሱ መርዝ ነው። የትራስ ልብሷንና ፎጣዋን ለብቻ ይጠቡ። በቅባቱ ምትክም ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም በረኪና እንዳትጀምር ይጠብቋት። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ለጊዜው ለስላሳ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ጥላ ይበቃታል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባለ ቦታ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል፤ የሳሳ ቆዳ ደግሞ አይችለውም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥላ መያዟ እንደ ቅንጦት አይቆጠር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ቆንጆ ነሽ» ሲሏት አልዋሿትም። ያልሠራው ልጅቱ የተያዘችበትን ነገር ስለማይነካ ነው። ልጅዎ ራሷን ከውጭ ሆና የምታይ ሆናለች፤ ስትራመድም ስትበላም ስትናገርም «አሁን እንዴት እታያለሁ?» የሚል ዳኛ አብሯት ይሄዳል። «ቆንጆ ነሽ» ስንላት ዳኛው ለእሷ ፈረደላት ማለት ነው። ችሎቱ ግን አልተነሣም። ነገ ሌላ ሥዕል ቀርቦ ፍርዱ ይገለበጣል፤ ለዚህም ነው «እናቴ ስለሆንሽ ነው» ብላ ይግባኝ የምትለው።

ይህ ዳኛ ምን ያህል እንደሚያደክም በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባርባራ ፍሬድሪክሰን የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ በአንድ መስታወት ያለበት ክፍል አስገባች። ከፊሎቹ ሹራብ፣ ከፊሎቹ የዋና ልብስ ለበሱ፤ እንደለበሱም የሒሳብ ፈተና ሠሩ። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ። ወንዶቹ ላይ ይህ ልዩነት አልታየም። ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸው ሰው አልነበረም፤ ሐሳባቸውን ከሁለት የከፈለው የገዛ ዓይናቸው ነው። መምህሯ «እያወቀች እጇን አታወጣም» ያሉትን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። እጅ ማውጣት ማለት ሃምሳ ልጅ ዞሮ እንዲያይሽ መፍቀድ ነው። ሒሳቡ አልጠፋባትም፤ ግማሽ ጭንቅላቷ ሌላ ሥራ ይዟል።

የመንፈስ ድካም ወይም ቅንጦት ነው ብለው እንዳያዝኑባትም የፊጂን ነገር ልንገርዎ። በዚያች የሰላማዊ ውቅያኖስ አገር ሞላ ያለች ሴት ነበረች የምትመሰገነው፤ ክሳት የሕመም ምልክት ነበር። በዚህ ረገድ ከእኛ የድሮ ባላገር ብዙ አትርቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደተባለው ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለችው ሐኪምና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ቴሌቪዥኑ እንደገባና ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያ የሚማሩ ሴት ልጆችን መረመረች። በ1998 ከመቶ 74ቱ «ወፍራም እንደሆንኩ ይሰማኛል» አሉ። ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስታውክ ልጅ መጀመሪያ አንዲትም አልነበረችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 11 በላይ ሆኑ። የልጆቹ ሰውነት በሦስት ዓመት አልተለወጠም። የሚለኩበት ነገር ነው የተለወጠው። ያ ደግሞ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ፣ መንደሩ በጋራ የሚያየው ሣጥን ነበር። የልጅዎ ኪሷ ውስጥ ነው ያለው፤ ምን እንደሚያሳያትም ከእሷ ዓይን እየተማረ ይመርጣል።

የእኛም ዘፈን ሴትን ሲለካ ኖሯል፤ አንገተ ብርሌ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ዓይነ ኮሎ እያለ። ድሮ ከዚህ ነጻ ነበርን ብንል እውነት አይሆንም፤ ጠይሟ በቀይዋ ፊት አንገቷን የደፋችበት ሠርግ ብዙ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው። አዝማሪው በዓመት ስንት ቀን ይመጣ ነበር? የሚያወድሳትም የምታውቃት የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ስትታመምም ስትጠቁርም ያየቻት። ዛሬ ልጅዎ ቁርስ ሳትበላ መቶ ፊት ታያለች፤ አንዱንም በሥጋ አታውቀውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያንን ፊት እንዴት እንደሚሠራ በገዛ እጇ ሠርታ ማየቷ ነው። አንድ እሑድ ይበቃል። ተነሺዋ እርስዎ ይሁኑ፣ አንሺዋ እሷ። ተነሺዋ እሷ ከሆነች ሙከራው ራሱ ሌላ ችሎት ይሆንባታል። ቀን በ6 ሰዓት ግቢ ውስጥ ይቁሙና ስልኩን ከፊትዎ 30 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አቅርባ ታንሣዎት። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥርና አገጭ ሥር ጥላ ይጥላል። 10 ሰዓት ላይ ደግሞ በር አጠገብ ወደ ውጭ ዞረው ይቀመጡ፤ እሷ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ፣ በዙም አቅርባ ታንሣዎት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጥ አፍንጫዎ የተለያየ ሰው አፍንጫ ይመስላል። የዓይን ስሕተት አይደለም፤ ካሜራ ሲቀርብ ወደ ፊት የወጣውን ያጎላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ስሌት በ30 ሳንቲ ሜትር የተነሣ አፍንጫ ከአንድ ሜትር ተኩል ይልቅ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ እንደሚታይ አሳይቷል። ልጅዎ ስልሳ ጊዜ እያነሣች የምታለቅስለት አፍንጫ ምናልባት ክንዷ ያሳጠረው ርቀት ነው።

ሦስተኛውን ፎቶ እዚያው በር ላይ ሆነው በፊልተር ታንሣዎት፤ ፊት ማሳመሪያውን እስከ መጨረሻው ትግፋው። ከዚያ «የትኛው ያምራል?» ብለው አይጠይቋት። «ምን ምን ተነካ?» ይበሏት። በወረቀት ትጻፍ፦ አገጭ ጠበበ፣ ዓይን ሰፋ፣ አፍንጫ ሳሳ፣ ማዲያቱ ጠፋ፣ ቆዳው ነጣ። ቆዳው የነጣው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ማውራት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ፊልተሮች ሳይጠየቁ ያነጣሉ፤ ቀላ ያለው ይበልጣል የሚል የሰው ፍርድ ውስጣቸው ተሠርቶ ገብቷል። በመጨረሻ ሠላሳ ጊዜ አከታትላ ታንሣዎትና አንዱን ብቻ ትምረጥ። ሃያ ዘጠኙን ስታጠፋ ቲክቶክ ላይ የምታየው ሰው ምን እንዳጠፋ ይገባታል።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። ብዙ ስልኮች የፊት ካሜራቸው ላይ ማሳመሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ በርቶ ነው የሚመጣው። ካሜራውን ትክፈትና ማሳመሪያውን ዜሮ ላይ ታድርገው፤ አለዚያ የገዛ ፊቷን በመስታወት ስታይ የተበላሸ ይመስላታል። ሌላው፣ የምናውቀው ፊታችን በመስታወት የምናየው ግራ ቀኙ የተገላበጠው ነው። ፎቶው እንደ ሰው ዓይን ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ፊታችን የጠመመ ይመስለናል። የማንም ፊት ሁለቱ ጎን እኩል አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የሚያበላሸው ስብከት ነው። «አየሽ፣ ሁሉም ውሸት ነው!» ካሏት ትዘጋለች፤ ዝም ብለው እሷ እንድታገኘው ይተዋት። ደግሞም ማወቅ ብቻውን አያድንም። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ የሰውነት ቅርጿ በኮምፒውተር የተነካ ሞዴል በምትታይበት የንግድ ማስታወቂያ ላይ፣ ኖርዌይም ከ2022 ጀምሮ በተነካኩ የማስታወቂያ ሥዕሎች ላይ ምልክት እንዲደረግ አስገድደዋል፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሆኖም እንዲህ ያለው ምልክት የተመልካቿን ስሜት ብዙም እንደማያድን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ዓይን ከአእምሮ ይቀድማል፤ «ተነካክቷል» የሚለው ጽሑፍ ሳይነበብ ንጽጽሩ ተጠናቋል። ስለዚህ የምታየው መጠንም መቀነስ አለበት።

ወደ ስልኩ እንመለስ። አይቀሟት። ቢቀሟት በጓደኛዋ ስልክ ታያለች፤ የሚጎዳትን ነገር ባየች ቀንም ለእርስዎ አትነግርዎትም፤ ከስልኩ ይልቅ የሚያስፈራው ያ ነው። መጠን ያብጁ እንጂ። በካናዳ ጭንቀት ወይም ድብርት የነበረባቸው 220 ወጣቶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት፣ ማኅበራዊ ሚዲያን ለሦስት ሳምንት በቀን ከ60 ደቂቃ እንዳያልፉ የተደረጉት ስለ ክብደታቸውና ስለ መልካቸው ያላቸው ስሜት ካልተገደቡት ይልቅ ተሻሽሏል። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት በቀን አንድ ሰዓት ተስማሙ። ስልኩ ራሱ የሚቆጥርበት ቦታ አለው፤ ቆጣሪዋ እሷ ትሁን። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። የእርስዎ ስልክ መኝታ ቤት ከገባ ስምምነቱ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል።

በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚታየውንም መለወጥ ይቻላል። አንድ ቀን አጠገቧ ይቀመጡና ቲክቶክን ትክፈት፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ቪዲዮዎች አብራችሁ ቁጠሩ። ስንቱ የሴት ፊት ወይም ሰውነት ነው? ስንቱ የሚሸጥ ነገር አለው? መተግበሪያው የሚማረው ላይክ ከምታደርገው ብቻ አይደለም፤ ከቆመችበት ጊዜም ነው። ተናዳ እየሰደበች ኮሜንት ብትጽፍ እንኳ ወደደችው ብሎ ይቆጥርላታል። የማትፈልገው ሲመጣ ቪዲዮውን ጫን አድርጋ ይዛ «ፍላጎት የለኝም» የሚለውን ትምረጥ። በቅንብሩ ውስጥ የይዘት ምርጫ በሚለው ሥር ገጹን እንደ አዲስ የሚያስጀምር ቁልፍም አለ። ከዚያ ራሷ የምትመርጣቸውን አምስት ስድስት ነገሮች ትከተል፤ ሒሳብ፣ ስፌት፣ ሩጫ፣ የፈለገችውን። እርስዎ አይምረጡላት። የድሮውን ዓይነት ሁለት ሦስቱን እስከ መጨረሻ ካየች ግን በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ይህ ሲሆን «አልተሳካም» አትበሉ፤ ደግማችሁ አጽዱት።

ቴሌቪዥኑን መዝጋት አያስፈልግም፤ አብሮ መቁጠር ይበልጣል። አንድ ማታ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ሁለት ነገር ቁጠሩ፦ ምጣዱና ሳሙናው ማን እጅ ላይ ነው? መጨረሻ ላይ «ይህ ይሻላል» ብሎ የሚፈርደው ድምፅ የማን ነው? በተተረጎሙት የውጭ ድራማዎች ውስጥ ደግሞ ክፉዋ ሴት ምን ትለብሳለች፣ ጥሩዋ ሴት ሥራ አላት ወይ ብላችሁ ተነጋገሩ። ዜናም ቁጠሩ። በየአምስት ዓመቱ የዓለምን ዜና የሚቆጥረው የመገናኛ ብዙኃን ክትትል በ2020 እ.ኤ.አ. ባደረገው ቆጠራ፣ በዜና ከሚታዩና ከሚናገሩ ሰዎች ሴቶቹ ከአራት አንድ ብቻ ነበሩ። ሴት በማስታወቂያው ሞልታ በዜናው ስትጠፋ፣ ትንሽ ልጅ «እኔ የምፈለገው ለመታየት ነው» ብላ ብትደመድም ምን ይገርማል? ቁጥሩን ግን ከአፍዎ ሳይሆን ከገዛ ወረቀቷ ታግኘው። ሴትን የሚያዋርድ ማስታወቂያ ካገኛችሁም ዝም አትበሉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የጾታ እኩልነትንና ክብርን የሚነካ ማስታወቂያ ይከለክላል። ጣቢያውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የታየውን ጽፋችሁ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማመልከት ትችላላችሁ። ደብዳቤውን እሷ ብትጽፈው፣ ስትታይ የኖረችው ልጅ ለአንድ ጊዜ ተመልካችና ከሳሽ ትሆናለች።

አሁን የሚከብደውን ልንገርዎ። ስልኩ የሚዘራው ዘር የሚበቅለው ቤት ውስጥ በተዘጋጀ መሬት ላይ ነው። በጎጃም ሰላምታችን ራሱ መልክን ይመዝናል። «ምነው ጠቆርሽ?»፣ «ከሳሽ እኮ!»፣ «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ!» የምንለው በፍቅር ነው፤ ጠይቀናት፣ አስበንላት ነው። የ16 ዓመት ልጅ ግን የምትሰማው ፍቅሩን ሳይሆን ሚዛኑን ነው። ለሦስት ሳምንት በቤትዎ ስለማንም መልክ፣ በክፉም በደግም፣ አይነገር። «ቀዮ» እና «ጥቁሬ» የሚሉ የቁልምጫ ስሞችም ይቅሩ። እርስዎ መስታወት ፊት ቆመው «አረጀሁ፣ ፊቴ ጠፋ» የሚሉ ከሆነ ያም ይቅር፤ ሴት ልጅ ራስን መናቅ ከሁሉ ቀድማ የምትማረው ከእናቷ ነው። አክስት ወይም ጎረቤት መጥታ ከዘመድ ልጅ ጋር ብታስተያያት ልጅዎ በምትሰማበት፣ ሳይቆጡ፣ «እትዬ፣ እኛ ቤት መልክ መመዘን ትተናል» ይበሉ። አንድ ጊዜ በፊቷ መባሉ፣ መቶ ጊዜ ለብቻዋ «ቆንጆ ነሽ» ከማለት ይበልጥባታል።

በባዶው ቦታ ምን ይተካ? የሠራችው ነገር። «ጎበዝ ነሽ» ሳይሆን ቁርጥ ያለው፦ «ትናንት ለወንድምሽ ክፍልፋይን ያስረዳሽበት መንገድ ለእኔም ገባኝ።» በሳምንት ሁለት ማታ ለአንድ ሰዓት የጎረቤት ትንንሽ ልጆችን ሒሳብ ብታስጠና እንመክራለን። ትንንሾች ፊቷን አያዩም፤ የሚያዩት እጇ የሚጽፈውን ነው። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሆኖ ዳኛው ዝም የሚልበትን ስሜት እንደገና ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ከዚያ ይመጣል። መምህሯንም ያናግሯቸው። መጀመሪያ አካባቢ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ እንድትመልስ ቢፈቅዱላት፣ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ኋላ ይደርሳል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ስምም ትወቅ። ዓይነ ሥውር ሆነው ቅኔ የተቀኙ፣ ወንዶች ደቀ መዛሙርትንም ያስተማሩ የዚሁ አገር ሴት ናቸው። ስማቸው ሲነሣ ስለ መልካቸው የሚጠይቅ የለም።

ቁርስ መተዋን በቀላሉ አይለፉት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለልጅ ክሳትን መደበቂያ ይሆናል። ለይተው የሚያውቁት ጾሙ ሲፈታ ነው። ከሰዓቱ በኋላ በምግብ ፍላጎት ትቀርባለች ወይስ እንጀራውን እየቆራረሰች ታስመስላለች? እንደበላች ወዲያው ሽንት ቤት ትሄዳለች? ወገቧን በሜትር ትለካለች? ፋሲካ ሲደርስ ትደሰታለች ወይስ ትፈራለች? የጾሙ መፈታት የሚያስፈራት ልጅ ጾም ላይ አይደለችም። እንዲህ ከሆነ የንስሐ አባቷን ያማክሩ፤ «ቁርስ ብዪ» የሚለው ቃል ከእሳቸው ሲመጣ ምክንያቷ ይወድቃል። የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ፣ ስትነሣ ራሷን ካዞራት፣ ፀጉሯ ከረገፈ ወይም ምግብ እንደምታስወጣ ካወቁ ግን ምክር አይበቃም፤ ሐኪም ይያት። «ባልኖርስ» የሚል ቃል ካወጣችም በቀጥታ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። አዎ ካለች ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያያትም ይጠይቁ። ካስፈለገ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይልኳችኋል።

ሠርጉ ቀረ። «አልሄድም» የሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ፍርሃት ታጭቋል፤ ተለይቶ ይጠየቅ። ቪዲዮው ነው? የአክስቶቹ አስተያየት ነው? ቅባት ያቆመው ፊቷ ነው? ቪዲዮው ከሆነ ከሙሽራዋ ወንድሞችና ከፎቶ አንሺው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የእሷ ፎቶ ሳትጠየቅ ቲክቶክ ላይ እንዳይወጣ። አስተያየቱ ከሆነ አክስቷን ከሠርጉ ሳምንት በፊት ለብቻ ይንገሯት። ልብሷ ዛሬ በልኳ የሆነ ይሁን፤ «እስከዚያ ትከሺያለሽ» ተብሎ የተገዛ ጠባብ ቀሚስ ሁለት ወር ሙሉ ያስርባታል። ድንኳን ውስጥ ሥራ ስጧት፤ የእጅ ውኃ ማስታጠብ ወይም የሕፃናቱን ማዕድ መምራት። ሥራ የያዘ ሰው የሚቆምበት ቦታ አለው፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከመታየት ያድናታል። ሲበቃት ጥያቄ ሳይበዛ አብሯት ወደ ቤት የሚሄድ ሰውም ይመደብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም «አልሄድም» ካለች ትቅር። ቂም አይያዙባት፤ ለዘመድም «አሟታል» ብለው አይዋሹ፤ «በሚቀጥለው ትመጣለች» ይበቃል። ማታ ሲመለሱ ድፎውን ቆርሰው ይስጧትና ማን እንደዘፈነ፣ ማን በእስክስታ ማንን እንዳሸነፈ፣ የትኛው ሽማግሌ ምርቃቱን እንዳስረዘመው ይንገሯት። ማን ምን ለብሳ እንዴት እንዳማረች ግን ይለፉት።